የአያ ፈረደ ሞተር ዓርብ ትታጠባለች

አያ ፈረደ ማረፋቸውን የነገረኝ ያየህ ነው። ከሰው ሁሉ እሱ። ስልኩን አንሥቼ ድምፁን ስሰማ ገና ወሬውን ሳይጀምር ደሜ ፈላ።

«አዳነ፣ አልሰማህም? አያ ፈረደ አረፉ። ቀብሩ ነገ ከቀትር በኋላ ነው። ትልቅ ሰው አጣን ወንድሜ።»

ትልቅ ሰው አጣን አለኝ። ትልቅነታቸውን መቼ እንዳየው ልጠይቀው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በመርዶ ላይ ጠብ አይጀመርም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ «እግዚአብሔር ያጥናን» ብዬ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ግድግዳው ምን አጠፋ፤ እጄ ብቻ አበጠ።

የተናደድኩት በሞታቸው አይደለም። ሰው ያረጃል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። የተናደድኩት ያ ሰው መርዶአቸውን ለማርዳት በመድፈሩ ነው። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን ቁጣዬ አይገባችሁም።

እስራኤል አገር፣ ርሖቮት ከተማ፣ ኦሺዮት ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነበር የምንኖረው። አያ ፈረደ ከባለቤታቸው ከእቴ ብርቄ ጋር ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ከእነሱ በታች። ሥራችንም አንድ ነበር፤ ባሕሩ ዳር ያለ መጋዘን በር ላይ ዘበኞች ነበርን። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ እኛ ሥራ ከገባን በኋላ ነው የሚነሣው። ስለዚህ አያ ፈረደ በስተርጅና መንጃ ፈቃድ አውጥተው አንዲት ያገለገለች ቀይ ሞተር ብስክሌት ገዙ። እኔ ከኋላ እፈናጠጣለሁ። ሄልሜታቸው ሥር ጢማቸው ነጭ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቁመታቸው አጭር። መንገድ ላይ ልጆች በእብራይስጥ እየጮኹ ይጠቋቆሙባቸዋል። እሳቸው ዞረው አያዩም።

የቀጥቃጭ ልጅ ነበሩ። ለማያውቅ ልንገር። እኛ ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ሳለን ርስት ስላልነበረን ወንዶቻችን ብረት፣ ሴቶቻችን ሸክላ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከእኛ ይገዛል፤ ገዝቶ ሲያበቃ «ቡዳ» ብሎ ይሸሸናል። ቀጥቃጭ የሚለው የሙያ ስም አልነበረም፣ ስድብ ነበር። ብዙዎቻችን እዚህ አገር ስንገባ መዶሻውን እንደ ክፉ ሕልም ረስተነዋል። አያ ፈረደ አልረሱም። ብረት ባዩበት ሁሉ በጥፍራቸው ኳ አድርገው ያዳምጡታል። የአውቶቡስ ማቆሚያውን ምሰሶ፣ የሰው አጥር፣ ቢሉ ሴንተር ስንሄድ የገበያውን ጋሪ ሳይቀር። «ይኸ ሳይሞት ሞቷል» ይላሉ፣ ወይም «ይኸ ገና ሰው ነው።» አንዳንዴ አፍርባቸው ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያስቁኛል።

የዚህ አገር ክረምት በረዶ የለውም፣ ዝናብ ነው። ዝናቡን ግን አያ ፈረደ አይፈሩትም ነበር። የሚፈሩት ጨዉን ነው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከባሕሩ በኩል ኃይለኛ ነፋስ እየነፈሰ መጋዘኑ ደረስን። እኔ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ለመግባት ስቸኩል እሳቸው ጣታቸውን በቤንዚን ታንከሯ ላይ አሻሽተው ላሱት።

«ቅመሰው» አሉኝ።

«ምኑን አያ ፈረደ?»

«ቅመሰው እንጅ።»

ቀመስኩት። ጨው ነው፣ ያውም ምርር የሚል።

«አየህ፤ ባሕሩ ተፈናጦን ነው የመጣ» አሉኝ። «ዝናብ ጌታ ነው፤ መጣሁ ብሎ ጮኾ ነው የሚመጣ። ይኸኛው ግን ሳያስነጥስ ገብቶ አጥንቷን ይበላታል። ዝገት ፊት ለፊት ቢመጣ ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?»

ስለዚህ በክረምት በየሳምንቱ ዓርብ ትታጠባለች። ዓርብ ብቻ። በመንደራቸው ዓርብ ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ገላውንና ልብሱን አጥቦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ንጹሕ ሆኖ ሰንበትን ይቀበላል። አባታቸው ደግሞ መዶሻቸውንና ጉጠታቸውን አጥበው፣ ዘይት ቀብተው ነበር የሚያሳርፉት። «ሰንበት ለሰው ብቻ አልተሰጠችም፤ ለከብቱም ለደከመውም ሁሉ ናት» ይሉኝ ነበር። «ይቺስ ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ዘበኛ ተሸክማ አይደለም እንዴ የምትከርም?»

ሲያጥቧት ማየት ደስ ይል ነበር። ከሥራ ስንመለስ ከሕንፃው ሥር፣ ዓምዶቹ መካከል ያቆሟታል። ወዲያው ውሃ አያስነኳትም፤ ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋ ጅል ነው ባይ ናቸው። ልብስ ቀይረው እስኪወርዱ ትበርዳለች። የጭስ መውጫዋን በጨርቅ ይወትፋሉ። ከዚያ ከግቢው ቧንቧ ባልዲ ሞልተው በጣሳ ከላይ ወደ ታች ያርሷታል፤ ጭቃውና ጨዉ ሲላላ በሳሙናና በስፖንጅ፣ ሽቦ ሽቦውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። አለቅልቀው በአሮጌ ካናቴራ ያደርቋታል። የጭስ መውጫውን ከፍተው ሞተሩን ትንሽ ያስነሡታል፣ ውስጥ የቀረው እርጥበት እንዲተን። ሰንሰለቱን በላምባ ፈትገው ዘይት ያጠጡታል። በመጨረሻ በዘይት የራሰ ጨርቅ ይዘው ብሎን በብሎን፣ ከሥር ተንበርክከው አጥንቷን ሁሉ ይዳብሷታል። ፍሬኑ የሚጨብጠውን ክብ ብረት ግን ዘይት አያስነኩትም። «ይኸ ካልደረቀ እኛ ነን የምንደርቅ» ብለው ይስቃሉ።

ሲያበቁ አሮጌ ጋቢያቸውን ያለብሷታል። ሰው ሳቀባቸው። ሻዓራይም ሰፈር የሞተር ጋራዥ የነበረው የመናዊ ሽማግሌ እንኳ ናይሎን ግዛላት ብሏቸው ነበር። «ናይሎን ያፍናታል፤ እርጥበቱን ይዞባት ያድራል። ጋቢ ያስተነፍሳል» ብለው መለሱለት። ሽማግሌው ትንሽ አሰበና እሱም በአንሶላ መሸፈን ጀመረ።

አሁን ወደ ያየህ ልምጣ። ያየህ የእኛው አገር ልጅ ነው። በሕፃንነቱ መጥቶ፣ እዚህ ተምሮ፣ ጥሩ መሥሪያ ቤት የገባ። ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። የሕንፃው ቫዓድ፣ ማለት የነዋሪዎቹ ኮሚቴ፣ ሰብሳቢ ነበር። መመረጡን እኛም ወደነው ነበር፤ ከራሳችን ሰው አንድ ቦታ ሲደርስ ደስ ይላል። ምን ዋጋ አለው።

ያን ዓመት የኪነረት ሐይቅ ደረቀ፣ ውሃ ቆጥቡ እየተባለ ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ይጮኽ ነበር። አንድ ዓርብ አያ ፈረደ ከሞተሯ ሥር ተንበርክከው፣ እኔ ጨርቅ እያቀበልኩ ሳለን ያየህ መጣ።

«አያ ፈረደ፣ ሻሎም። ይኸ ነገር መቆም አለበት» አለ። «ሽኽኒም እያማረሩ ነው።»

«የትኛው ጎረቤት ነው ያማረረ? ንገረኝና ሄጀ ይቅርታ ልጠይቀው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሁሉም። ደግሞ የውሃ ነገር አለ። አገሩ ደርቋል።»

«አንድ ባልዲ ነው ልጀ። ሳሩ ላይ የሚሽከረከረው ውሃ እኮ በቀትር ሲረጭ ነው የሚውል።»

እውነታቸውን ነበር። አሥር እርምጃ ርቆ የሳሩ ውሃ ማጠጫ አስፋልቱን ያጠጣ ነበር። ያየህ ዞሮ አየውና ፊቱ ተለዋወጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። እውነተኛው ነገር የወጣው ያኔ ነው።

«እሺ፣ ውሃውን ተዉት። እዚያ ቀጥቃጭ ይሉን ነበር። እዚህ ደግሞ ግቢያቸው መካከል ተንበርክከን፣ ብረትና ዘይት ይዘን፣ በጋቢ ሸፍነን እንታያቸው? ልጆቼ በዚህ በኩል ነው የሚያልፉ። ጓደኞቻቸው ይጠይቋቸዋል።»

አያ ፈረደ እጃቸውን በጨርቁ እየጠረጉ ተነሡ። ቀስ ብለው ነው የተነሡት፤ ጉልበታቸው ያማቸው ነበር።

«ያየህ፣ የአንተን አባት አውቃቸዋለሁ። እኔ ካየኋቸው ሰዎች እንደ እሳቸው ማረሻ የሚስል አልነበረም። ሰው ከሩቅ አገር ነበር የሚመጣላቸው። አንተ የበላኸው እንጀራ ከመዶሻቸው ሥር ነው የወጣ።»

ያየህ ጀርባውን ሰጥቶን ደረጃውን ወጣ። በሳምንቱ ስንወርድ የቧንቧው እጀታ ተነቅሎ ጠፍቷል፤ አራት ማዕዘን የብረት ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ሳሩ ላይ ውሃው እንደ ልማዱ ይሽከረከራል።

እኔ ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ፤ በሩን ልሰብርበት ነበር። አያ ፈረደ ክንዴን ያዙኝ። የእሳቸው እጅ ከያዘ አይለቅም።

«የት ነው?»

«ልነግረው።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ ስለዚህ ነገር ለዚያ ልጅ አንዲት ቃል እንዳትናገረው። በእኔ ነው የመጣ፤ የእኔ ነው። ማል።»

«አያ ፈረደ፣ ይኸ ግፍ…»

«ማል አልኩህ።»

ማልኩ። ዓመታት ሙሉ ያቺ መሐላ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ኖረች። በእሳቸውም እናደድ ነበር፤ አልደብቅም። ትዕግሥት ደግ ነገር ነው ይባላል። ትዕግሥታቸው ግን ለእሳቸው ምን አደረገላቸው? ለያየህ እንጂ።

መጀመሪያ ውሃውን ከሦስተኛ ፎቅ አወረዱት። እሳቸው ባልዲ፣ እቴ ብርቄ ጀሪካን ይዘው። ደረጃው ረጠበ ብሎ ያየህ ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ቀን ማንጋላቸውን፣ ያችን ሰው ሁሉ በበዓል ሥጋ የሚጠብስባትን የከሰል ምድጃ፣ አንሥተው እኔን አስከትለው ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ሄዱ። አንድ ቁራጭ ብረት፣ መዶሻና የሴት ልጃቸውን የፀጉር ማድረቂያ ይዘዋል። ለማድረቂያው መብራት ከእኔ መስኮት በረጅም ሽቦ አወረድን። ወናፍ መሆኑ ነው። ከሰሉ ላይ ሲነፋው ብረቱ ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካን መሰለ። የተጣለ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ከየት እንዳመጡ እንጃ፤ እሱን መስፍ አድርገው ብረቱን ይመቱት ጀመር።

ያን ቀን ያየኋቸውን አያ ፈረደን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም። ጉልበታቸው የት እንደገባ አላውቅም። ወገባቸው ቀጥ አለ። መዶሻዋ አንዴ ብረቱን፣ አንዴ መስፉን ነካ እያደረገች ትዘፍናለች። በመካከል ቀና ብለው «አባየ ቢያዩኝ በሴት ማድረቂያ ትቀጠቅጣለህ ብለው ይገርፉኝ ነበር» አሉና ሳቁ። ሲጨርሱ እጃቸው ላይ አንዲት አጭር ቁልፍ ነበረች። አንዱ ጫፍ ለጣት እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ፣ ሌላው አራት ማዕዘን ቀዳዳ። የቧንቧው ጉቶ ላይ ገጠሟት፤ ልክክ አለች። ውሃው መጣ።

ያን ክረምት ሞተሯ ዓርብ ዓርብ ስትታጠብ ከረመች። ያየህ ቧንቧው እጀታ እንደሌለው እያወቀ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግራ ገብቶት በመስኮት ሲያጮልቅ አየው ነበር። ቁልፏን ይያት አይያት አላውቅም፤ አልጠየቀንም። ክረምቱ ሲያልቅ የቧንቧ ሠራተኛ አምጥቶ ቱቦውን ከግድግዳው ላይ አስቆረጠውና በሲሚንቶ አስደፈነው። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አያ ፈረደ ድፍኑን በመዳፋቸው ደባበሱት። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። ቁልፏን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

«ምን ላድርጋት አያ ፈረደ? የምትከፍተው ነገር የለም እኮ።»

«ያዛት። ብረት አይጣልም።»

የሚቀጥለው ክረምት መጣ። የነዳጅ ማደያው መታጠቢያ ወሰዷት፤ በኃይል የሚተፋው ውሃ የጎማዋ ኩሽኔታ ውስጥ ያለውን ቅባት አጥቦ አወጣውና ስትሄድ መጮኽ ጀመረች። የመናዊው ሽማግሌ ጋራዡ ግቢ እጠብ ብሏቸው ነበር፤ ግን ዓርብ እኛ ከባሕሩ ስንመለስ እሱ ለሰንበት ዘግቶ ሄዷል። «ሌላ ቀን ይጠቡ» አልኳቸው፣ ለመንኳቸው። «ሌላ ቀን ቆሻሻ መግፈፍ ነው፤ ዓርብ ግን ማሳረፍ ነው» አሉኝ። ከውሃ ባልዲ ጋር ሦስት ፎቅ መውረድ ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እኔ ላውርድልዎ ስል ደረጃው ይረጥባል፣ ያን ልጅ ወሬ አትጨምርለት አሉኝ። ግትር ነበሩ። ዛሬም ሳስበው እበሳጫለሁ።

ጨዉ ጊዜውን አገኘ። ከላይ ቀይዋ ቀለም እንዳማረባት ነበር። የዓመቱ ቴስት፣ የተሽከርካሪ ምርመራው፣ ሲደርስ ተቆጣጣሪው ከሥር ጎንበስ ብሎ ጠመንጃ መፍቻውን አጥንቷ ላይ ጫን አደረገው። መፍቻው እንደ ቂጣ በስቶት ገባ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ «አባ፣ ይቺን መንዳት ሞት ነው» አላቸው። አያ ፈረደ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አዩት። በጥፍራቸው ኳ አደረጉት። እየገፋን ነው ወደ ቤት የተመለስነው፤ እሳቸው መሪውን ይዘው፣ እኔ ከኋላ።

ሥራ ቦታ መድረሻ አጡ። እኔን አንድ መኪና ያለው ባልደረባ ይወስደኝ ጀመር፤ ለእሳቸው ቦታ አልነበረውም። በዚያው ቤት ቀሩ። ግቢው ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሳሩ ላይ የሚሽከረከረውን ውሃ ያያሉ። ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላሉ፤ ያየህንም ጭምር። ብረት ማዳመጥ ተዉ። አንድ ቀን የወንበሩን እግር ኳ አድርጌ «ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው፣ ላስቃቸው ብዬ። «እንጃ ልጀ። ጆሮየ አይሰማም» አሉኝ። ጆሮአቸው ደህና ነበር።

እንግዲህ ለቅሶ ቤት የገባሁት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። እቴ ብርቄ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ ሞልቷል። መካከል ላይ ያየህ ቆሞ ይናገራል፤ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው።

«አያ ፈረደ የአባቶቻችንን ሙያ ይዘው የኖሩ ሰው ነበሩ» ይላል። «ብረት ሠሪነት ኩራታችን ነው። ወጣቱ ሊያውቀው ይገባል። እሳቸው ሳያፍሩ…»

ሳያፍሩ ሲል ተነሣሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ነበር ያሉኝ። መሐላዬ ትናንት አብሯቸው ተቀብሯል። ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ክረምት በገባ ቁጥር እሳቸው እንዳስተማሩኝ ጠርጌ ዘይት ስቀባት ስለኖርኩ አንዲት የዝገት ነጥብ የለባትም። ሰዉን አልፌ ሄጄ መዳፉ ላይ አስቀመጥኳት።

«ይቺን እያት። ስለ እሳቸው ስትናገር ይቺንም ንገራቸው።»

ያየህ አገላበጣት። ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ለዚያች ደቂቃ ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት። እሱ ግን በእርጋታ «ምንድን ናት?» አለኝ።

ዓይኑን አየሁት። አስመስሎ አይደለም። ረስቶታል። እጀታውንም ሲሚንቶውንም ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ ሙልጭ አድርጎ መርሳት ይቻላል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«የእሳቸው እጅ ሥራ ናት?» አለ እያደነቀ። «በጣም ታምራለች። ለሲግድ በዓል ማትናሱ፣ የሰፈሩ ማኅበረሰብ ማዕከል፣ አዳራሽ ውስጥ የአባቶቻችንን ዕቃ ለሕዝብ ልናሳይ ነው። እዚያ መቀመጥ አለባት። እሺ፣ ቤሰደር?»

እጄን ዘርግቼ ልነጥቀው ስል ከፍራሹ ላይ ድምፅ መጣ።

«ተወው አዳነ፤ ይውሰዳት» አሉ እቴ ብርቄ።

«እቴ ብርቄ፣ እርስዎ እኮ…»

«ይውሰዳት ብያለሁ። ግን ሥሯ ላይ ይጻፍባት። የማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትከፍትም ይጻፍባት።»

«በደንብ ነዋ፣ እናቴ» አለ ያየህ፣ ወደ እሳቸው ጎንበስ ብሎ። «ምንድን ነው የምትከፍተው?»

እቴ ብርቄ ቀና ብለው አዩት። አልጮኹም፤ ቤቱ ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር በረንዳ ላይ ያሉትም ሰሙ።

«የግቢውን ቧንቧ። አንተ እጀታውን ነቅለህ የወሰድክበትን። ኋላም ያስደፈንከውን። ባሌ እታች ወንበሩ ላይ ደርቆ የቀረበትን።»

ሰው ሁሉ ያየህን አየ። ያየህ ቁልፏን አየ። ያኔ ትዝ አለው፤ ሲታወሰው ከአንገቱ ጀምሮ ሲለወጥ አየሁት። ቁልፏን ወደ እኔ ዘረጋት። እጆቼን ኪሴ ከተትኳቸው።

«ያዛት» አልኩት። «ብረት አይጣልም።»